ሃምሳው እስኪወጣ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ይህ ደብተር የተገዛው ለፊዚክስ ነበር። እኔና ፊዚክስ ከተኳረፍን ስለቆየን ሌላ ሥራ ተገኘለት።

ዛሬ ጧት አባባ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። አባባ የምለው አያቴን ነው፣ ቄስ ገብረ ኪዳንን። ስልኩ የሳቸው ቢሆንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የምነካካው እኔ ነኝ። ዳዊቱን ሳያዩ በቃላቸው ይወጡታል፤ ስልክ ግን በቃል አይወጣም።

መልእክቱ የታሊያ ነው። የጋሼ አይቸው ልጅ ናት፣ እስራኤል ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋ የኔን እንግሊዝኛ ያክላል። በድምፅ ነው የላከችው።

"ሐሙ፣ ሰላም። አባ ሞተ። ቅዳሜ። ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፣ አልተነሳም። ለቄስ ንገሪ፣ እሺ? ይቅርታ፣ አማርኛ የለኝም።"

ለዚህስ የሚበቃ አማርኛ ማን አለው?

ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ቀንጥሼ ጨረስኩት። አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። እማዬ "ምነው፣ ክርስትና ልታስነሺው ነው?" ስትለኝ ነው የነገርኳት።

ያው ሰኞ፣ ማታ

ደብተር ሆይ፣ አንተ ጋሼ አይቸውን አታውቀውም። ልንገርህ።

የዳባት ሰው ነው። ቤተ እስራኤል፣ የቀጥቃጭ ልጅ፤ ተምሮ መሐንዲስ የሆነ፤ እኔ ሳልወለድ ወደ እስራኤል የሄደ። "አንቱ" ስለው "ገና አላረጀሁም" ብሎ ስለሚቆጣ አንተ ነው የምለው። በየዓመቱ ለጥምቀት ሰሞን ይመጣና እኛ ቤት ያርፋል። እሱና አባባ የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ጀምረው ይነታረካሉ፤ አሁን የቀረው ጥርሳቸው ተነቅሎም ይነታረካሉ። በየምሽቱ በስልክ፣ እኔ ስልኩን ይዤላቸው ክንዴ እስኪዝል። አንዱ "ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ይመጣል" ካለ ሌላው "አይመጣም" ይላል፤ ከዚያ በማግሥቱ ተለዋውጠው እንደገና ይጀምራሉ።

ይህ ሰው ነው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያልተነሳው።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አቶ ቻላቸው ዘንድ ሄደች። አቶ ቻላቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው። በዚህ ሰፈር ማንም ያለሳቸው ፈቃድ መሞት ይችላል፤ መሞቱ የሚነገረው ግን በሳቸው ፈቃድ ነው። መጡ፤ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

"መርዶ? በሰሙነ ሕማማት? ምን ነካሽ አረጋሽ! ቄሱ ሲሰግዱ እየዋሉ፣ እህል በአፋቸው ሳይዞር! ይደፋሉ እኮ። ፋሲካው ይለፍ። ሥርዓት አለው።"

አቶ ቻላቸው ለሁሉም ነገር ሥርዓት አላቸው። ሲያነጥሱ እንኳ ግራና ቀኝ አይተው ነው።

ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ! ከዚህ ቤት ወሬ የሚወጣው በአንቺ አፍ ነው። ስፊው።"

ሰፋሁት። ክሩ የት ድረስ እንደሚይዝ እናያለን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ገቡ። "አይቸው ደወለ?"

"ኔትወርክ የለም፣ አባባ።"

"እሱስ መቼ ነበረ" ብለው ጉልባናቸውን በሉ።

በጸሎተ ሐሙስ ዋሸሁ። ይሁዳ ቢያንስ ተከፍሎታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ማታ ቄሶቹ በወይራ ቅጠል ሲጠበጥቡ ሌላ ቄስ ዘንድ ልሰለፍ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሰልፉ ገፍቶ ገፍቶ አባባ እጅ ጣለኝ። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ፤ ስግደቴን ነገሩኝ።

"አባባ፣ ሰው ቄስ ቢዋሽ ስንት ይጨመርበታል?"

"እንደ ቄሱ ነው" አሉ። ቀጥለው የሚቀጥለውን ሰው ጠበጠቡ።

ካዘዙኝ በላይ ሰገድኩ። ስለ ጽድቅ አይደለም፤ ቆጠራው ጠፍቶብኝ ነው። አሁን ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ የምጽፈው ተኝቼ ነው። ጽሕፈቴ ስለዚህ ነው የዶሮ ጭረት የመሰለው። ሌላ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ግን ምክንያት አለው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ፋሲካ አለፈ። ሆዴ እንደ ነጋሪት ነው። እማዬ አቶ ቻላቸውን "እንግዲህ እንንገራቸው?" አለቻቸው።

"በሃምሳው? ጌታ ተነሥቶ ሳለ ደረት ሊመታ? እስከ ጰራቅሊጦስ ለቅሶ የለም። ሃምሳው ይውጣ። ሥርዓት አለው።"

ሃምሳ ቀን ማለት ሃምሳ ውሸት ማለት ነው። ሒሳብ እንደ ፊዚክስ አይደለም፣ እሱን እችላለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽም ሰምታለች። እሷ ስመ ጥር አልቃሽ ናት፤ ሰው ሲሞት ከዳባት ድረስ ትጠራለች። አባባን ባየች ቁጥር ዓይኗ ይሞላል።

"ምነው ማንጠግቦሽ?"

"ሽንኩርት ነው፣ አባቴ።"

እጇ ላይ የነበረው የክር ጥቅል ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ጉድ ፈላ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ አባባ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ አዲስ አበባ ላለ ልጇ በቪዲዮ ደወለችለት። ልጁ እንደ ፀሐይ ወጣ። የኔ "ኔትወርክ የለም" እዚያው ምድጃው አጠገብ ሞተ።

 አባባ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። "እስቲ አንቺም ሞክሪ።"

እማዬ በዓይኗ ገደለችኝ። እኔ ግን ሊቅ ነኝ፤ የጋሼ አይቸው ድምፅ ዋትሳፑ ላይ ታጭቋል፣ የስንት ዓመት። ወደ ላይ ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ አጠር ያለውን መረጥኩ። "አባባ፣ ድምፅ ልኮልዎታል!" አልኩና ከፈትኩት።

"ገብሬ! አለህ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። ላሚቱ ወለደች ወይ? ወንድ ከሆነ ኢንጂነር በለው፣ አንድ እንኳ ሥራ የሚወድ ከቤትህ ይውጣ።"

ልክ በዚያች ቅጽበት ኢንጂነር በረት ውስጥ "እምቧ" አለ።

ጥጃ አይደለም አሁን። አምና ነው የተወለደ። ባለፈው ወር የዩኒፎርሜን ክንድ በልቷል።

 እማዬ ሲኒ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበ ሲኒ። አባባ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ዓይናቸው ስለማያይ ፊታቸው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ "ወልዳለች በይው" አሉ። "ወንድ ነው በይው።"

ተመስገን ለእርጅና! ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን አያስታውሱም። ድኛለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

በየምሽቱ አንድ ድምፅ አሰማቸዋለሁ። ደንብ አውጥቻለሁ፦ ስለ በዓል የሚያወራውን እዘላለሁ፣ ስለ ብርድ የሚያወራውን እዘላለሁ። ትናንት ያሰማኋቸውን ዛሬ ደግሜ ከፈትኩት፣ ተሳስቼ። "እሱን ትናንት ልኮታል" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ "ደግሚልኝ" አሉ።

የአባባ የማታ ጸሎት ተርታ አለው። መጀመሪያ ሕያዋን፣ ቀጥሎ ሙታን። ከሕያዋኑ መሃል እኔ አለሁ፣ "ለሐመልማል ልቡና ስጣት" ተብዬ፤ እስካሁን አልተሰጠኝም። የሕያዋኑ መጨረሻ ሁልጊዜ ጋሼ አይቸው ነው። ከሱ በኋላ ወደ ሙታኑ ይሻገራሉ፣ የሙታኑ መጀመሪያ አያቴ ናት።

ዛሬ እሱ ስም ላይ ተሰንቅረው ቀሩ። "ወዳጄን አይቸውን" አሉ። ዝም። "ወዳጄን አይቸውን።" ዝም። ሦስት ጊዜ፣ እንደተጫረ ሲዲ። ቀጣዩን ስም ረስተው ነው መሰለኝ፤ የሚስታቸውን ስም! ልነግራቸው ነበር፣ ግን የሰው ጸሎት ታዳምጫለሽ እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ዛሬ "ለአይቸው ድምፅ ልላክ" አሉ። ስልኩን አፋቸው ሥር ያዝኩላቸው። ሁልጊዜ በስልክ ሲያወሩ ከሊማሊሞ ሥር የሚጣሩ ይመስል ይጮኻሉ። ዛሬ ቀስ ብለው ነው።

"አይቸው፣ ያች ድንጋይ አለች። ያን ሰሞን ዳባት ስወርድ መኪና አስቁሜ በእጄ ዳሰስኳት።"

"የምን ድንጋይ?" አልኩ፣ አፌ ተሰፍቶ የት ይቆያል።

ነገሩኝ። አባባ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዳባት አጠገብ ከመንደር መንደር "ስለ ማርያም" እያሉ የሚለምኑ። የነአይቸው መንደር ሰዎች ከክርስቲያን ጋር አይነካኩም ነበር፤ የነካ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ነው ቤቱ የሚገባ። አባባም ከነሱ ቤት እህል ቀመሱ ቢባል የኔታ አርጩሜ ያነሳሉ። እና አይቸው የሚባል አንድ ጉረኛ ልጅ ከቤቱ ሽንብራ ቆሎ በእፍኙ ይሰርቅና ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ወደኋላ ይሸሻል። አባባ ይጠጉና ያነሳሉ። እሱ ከወዲያ፣ እሳቸው ከወዲህ ሆነው ይሰዳደባሉ።

"ዓመት ሙሉ በክንድ ርቀት ተሰዳደብን" አሉ አባባ። "ከዚያ ትምህርት ቤት ወሰዱት፣ ከዚያ አዲስ አበባ። መሐንዲስ ሆኖ ሱፉን ለብሶ መጣ። ድንጋዩ ጋ ስንገናኝ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። እናቱ ለካ አይታለች! ከነሱፉ ወንዝ ውስጥ አስገባችው።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩ ይህን ሁሉ ሲቀዳ ነበር፤ ሳቄም አለበት። ላኩት።

ከዚያ ነው ያስተዋልኩት። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንድ ሰው አዳምጦታል።

ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምጽፈው። የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ሆኜ ስልክ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ታሊያ ናት። ስልኩ እሷ ጋ ነው። "እኔ እሰማለሁ። ግማሽ አይገባኝም። ድንጋይ ምንድን ነው? አታቁሚ" ብላ ጽፋለች።

ስለ ድንጋዩ በእንግሊዝኛ ልጽፍላት አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ሁለት ጊዜ ከነሱፉ ሰጠመብኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አሁን እውነተኛው መከራ መጣ። ቦዩ።

ከቤተ ክርስቲያናችን በላይ ያለው፣ ትልቁ ወይራ የበቀለበት ተረተር ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉን ቅጽሩ ላይ ይለቀዋል፤ አጥሩ በአንድ ጎን ሆዱ ተነፍቷል። ጋሼ አይቸው ባለፈው ጥር ሲመጣ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ሊያስቆፍር ጥናት ጀምሮ ነበር። እሱ የውሃ ነገር ያሳብደዋል። ወደ አዲአርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ አውቶቡስ አስቁሞ የመንገዱን የውሃ መውረጃ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ተሳፋሪው ሽንቱን ሊሸና የወረደ እየመሰለው ተከትሎት ይወርዳል። እኔንም ግልጽ የላስቲክ ቱቦ አሲዞ ሜዳ ለሜዳ አስሮጦኛል። ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው የቆመበት ቦታ እኩል ነው፣ መሬቱ ምንም ቢዘቀዝቅ። "ይህ ነው የኔ ኮምፒውተር" ይል ነበር። እኔ ሰርቄ ስጠጣለት ልኩ ተበላሸ።

ዛሬ አባባ ወንዶቹን ሰብስበው ሊያስቆፍሩ ተነሡ። አካፋና ዶማ ይዘው ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ሐመልማል፣ አይቸውን ጠይቂው። ቦዩ ከወይራው በላይ ነው ያለን፣ በታች?"

በመጋቢት የላከው አንድ ድምፅ አለ፤ ስለ ቦዩ ነው፤ ስምንት ደቂቃ ነው። የስምንት ደቂቃ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው አለ? ያኔ ለአባባ ከፍቼላቸው ገና መጀመሪያው ላይ ቻርጅ አለቀ፤ ከዚያ ረሳሁት። ጥግ ሄጄ የደወልኩ መሰልኩ። ከወይራው በላይ ያለው ጭንጫ ነው፤ ጭንጫ ከሆነ ድንጋይ የምሸከም እኔ ነኝ። በታች ያለው ለስላሳ አፈር ነው።

"በታች ነው ብሏል!" አልኩ።

አባባ "እንግዲህ እሱ ካለ" አሉ። ሰው ሁሉ ቆፈረ። አቶ ቻላቸውም ምስጢሩ እንዳይወጣ ዱላቸውን እየነቀነቁ አመሰገኑ፣ "የተማረ ሰው አንድ ቃል ይበቃዋል!"

ኢንጂነር ሐመልማል። በረት ያለው ኢንጂነር ይሻላል፣ እሱ የሚበላው ክንድ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ዝናብ። በረዶ ያለበት። ቦዩ ሠራ። በጣም ሠራ። አምላኬ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?

ያው ማክሰኞ፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ

ወደ አቶ ቻላቸው ግቢ ነው የሄደው።

በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ጭቃ አድርገው መጡ። ጋቢያቸው ከራሳቸው እስከ ተረከዛቸው ይንጠባጠባል። ቤት ውስጥ አባባ፣ እማዬ፣ እትዬ ማንጠግቦሽና እኔ ነበርን።

"የታለ ኢንጂነራችሁ? የታለ! በረቴ ኩሬ ሆኗል! ዶሮዎቼ ቆጥ ላይ ተሰቅለው ይጮኻሉ! የድርቆሹን ክምር እንደ ታንኳ ነዳው!"

"ይረጋጉ እንጂ፣ አቶ ቻላቸው" አሉ አባባ። "እኛ የቆፈርነው እሱ ባዘዘው ነው። ልጅቱ ትደውልልዎትና እሱኑ ይጠይቁት።"

"ማንን ነው የምጠይቀው? እንዴት አድርጎ ነው የሞተ ሰው ቦይ የሚያስቆፍር!"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። እማዬ ድስት ክዳን ጣለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ልታደገድግ ጀምራ በመሃል ቆመች፤ አሁን ነው የሚለቀስ ወይስ አይደለም? አቶ ቻላቸው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዱላቸው ወደቀ።

አባባ ጎንበስ ብለው ዱላውን በዳሰሳ አገኙት። አነሱት። ሰጧቸው።

"አይ አቶ ቻላቸው" አሉ። "ገና ሃምሳው ሳይወጣ? ሥርዓት አለው እኮ።"

በርጩማ ሳቡላቸው።

"ደግሞም አልሰማሁም" አሉ አባባ። "ይህ ቆርቆሮ በዝናብ ጊዜ ምን ያሰማል? ቁጭ ይበሉ፣ ልብስዎ ይድረቅ። አረጋሽ፣ የሚሞቅ ነገር ስጫቸው።"

አቶ ቻላቸው ተቀመጡ።  እኔ ደግሞ በሩ ሥር ቆሜ ያሰማኋቸውን ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። "ወልዳለች በይው።" "ደግሚልኝ።" "እሱ ካለ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ ባስቆፈርኩት በኩል ከሆነ አቶ ቻላቸው ቤት ነው የምወጣ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ትናንት ቀኑን ሙሉ አባባን ሸሸኋቸው። ዛሬ በረት በር ላይ ያዙኝ።

"መቼ ነው ያወቁት?" አልኩ። "ኢንጂነር እምቧ ሲል?"

"ከዚያ በፊት። ስቅለት ለት። አንቺ ካዘዝኩሽ በላይ ስትሰግጂ በጆሮዬ ቆጠርኩሽ። አንቺ በከንቱ እንደዚያ አትደክሚም። ደግሞ አይቸው በፋሲካ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም። የሱም ፋሲካ፣ የኔም ፋሲካ እያለ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? ለምን አስዋሹኝ?"

ኢንጂነርን ግንባሩን አከኩለት። ከዚያ፦

"ከነገሩኝ በኋላ የት አቆመዋለሁ? እኔ ቄስ ነኝ። ከሙታኑ ተርታ ላቆመው እንዳልል ፍትሐት አይደረግለት፣ ሃይማኖቱ ሌላ ነው። እሱ ራሱም 'ስሞት ከናንተ ጋር እንዳትቀላቅሉኝ' ይል ነበር፤ ኩሩ ነው። ከሕያዋን ጋር ሲሆን ግን ማንም አይከለክለኝ። እና ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ? ቻላቸው ሃምሳው ይውጣ እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ሃምሳው እስኪወጣ እጠራዋለሁ።"

ስድስት ሳምንት ቲያትር ሠራሁ፤ ተመልካቹ ደግሞ ድርሰቱን ያውቁታል። በዚህ ቤት ሞኟ ማን እንደሆነች እንግዲህ ታወቀ። እኔ እትዬ ማንጠግቦሽ ትሆናለች ብዬ ነበር።

"ቦዩንስ?" አልኩ። "ውሸት እንደሆነ እያወቁ ለምን አስቆፈሩት?"

"የነገርሽኝ የሱን ቃል መስሎኝ ነበር" አሉ። "በመጋቢት የላከው አለ አይደል? እሱን አዳምጠሽ ነው ብዬ።"

አላዳመጥኩም፣ አባባ። ስምንት ደቂቃ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

አዳመጥኩት። ከአባባ ጋር፣ እንጨት ላይ ተቀምጠን። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ስለ ጉልበቱ ነው። ቀጣዩ ስለ አንድ ጎረቤቱ ውሻ። ከዚያ፦

"ገብሬ፣ ቦዩ ከወይራው በላይ ነው። ጭንጫ ነው ብላችሁ እንዳትሰንፉ። በታች ካደረጋችሁት ውሃው በቀጥታ ቻላቸው በረት ይገባል፤ ከዚያ የሱን ንዝንዝ እስከ መስከረም ማን ይችላል? ልኩን ሐሙ በቱቦው ትያዝ፣ አሳይቻታለሁ። ሐሙ፣ እስከዚህ ድረስ እንደማታዳምጪ አውቃለሁ። ካዳመጥሽ ግን፣ ቱቦው ውስጥ አረፋ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። አረፋ ካለ ልኩ ያታልልሻል። ደግሞ እንዳትጠጪው።"

አባባ "ደግሚልኝ" አላሉም። እኔ ነኝ የደገምኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ከወይራው በላይ ቆፈርን። ጭንጫ ነው። ድንጋይ ያሸከሙኝ እኔን ነው፤ ይገባኛል። መዳፌ ላይ ውሃ የቋጠረው እዚህም እዚያም ስለሆነ አሁን ብዕሩን እንደ ማንኪያ ነው የያዝኩት።

ቱቦውን ከጋጣ ጀርባ አገኘሁት። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አቶ ቻላቸው፤ "በዚህኛው ጊዜ እኔ ራሴ ነኝ የምይዘው!" ብለው ማንንም አላስጠጉም። አረፋውን ለማውጣት መምጠጥ አለብዎት አልኳቸው። መጠጡ። የኩሬ ውሃ አፋቸውን ሞላው።

"ሥርዓት አለው" አልኩ።

ዱላቸው አልደረሰብኝም። አባባ ወይራው ሥር ተቀምጠው ድምፃችንን እየሰሙ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቁ ነበር። ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ትናንት ጰራቅሊጦስ ሆነ። ሃምሳው ወጣ።

ዛሬ ወፍ ሳይንጫጫ መጡ። አቶ ቻላቸው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ከሁሉም ኋላ። አባባ ነጩን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እማዬ ሌሊቱን ቤቱን ስታሰናዳ አድራለች። የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ በልቤ እንዴት ሳቄን እይዘዋለሁ እያልኩ በሩ ሥር ቆምኩ።

"ምነው በደህና? በዚህ ማለዳ?" አሉ አባባ።

"አባታችን" አሉ አቶ ቻላቸው። ብዙ ጊዜ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ አነጋገሩን ያውቁበታል። ዛሬ ግን ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። "አባታችን፣ ወዳጅዎ አይቸው…"

አልጨረሱትም። አባባ ጥምጥማቸውን አወለቁ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፣ አለቀሱ።

እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አውቀውት የለ? ስቀውበት የለ? ልክ አሁን የሰሙ ይመስል፣ ልክ አሁን ደረጃው ላይ የተቀመጠ ይመስል። ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም። አቶ ቻላቸው አቅፈዋቸው እሳቸውም ያለቅሳሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሰባት ሳምንት ስትለማመድ ከርማ ድምፅ እምቢ አላት፤ ቆይታ ቆይታ አንዲት ሙሾ ብቻ አወጣች፦

"የውሃውን መንገድ አንተ እያሳየኸው፣
የራስህን መንገድ ለማን ነገርከው?"

ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ታሊያ በቪዲዮ ነበረች፣ ሁሉንም አየች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ ስልኩ እየጎነበሱ "እግዜር ያጽናሽ" አሏት። እሷ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ሌላ አማርኛ አላስፈለጋትም።

ከሰዓት ዘነበ። ወጥቼ አየሁ። ውሃው ከወይራው በላይ ታጥፎ ወደ ሸለቆው ወረደ። የአቶ ቻላቸው ዶሮዎች መሬት ላይ ናቸው።

አሁን ማታ ነው። አባባ ለጸሎት ቆሙ፤ እኔ እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ጀርባ። ሕያዋኑን ጠሩ። እማዬን። እኔን፣ አሁንም ልቡና ተለመነልኝ። ታሊያን ጨመሩ፣ አዲስ ናት። ከዚያ የሱ ቦታ ደረሰ።

ጸሎቱ እዚያ ቆመ። ወደ ሙታኑ አልተሻገሩም። ወደኋላም አልተመለሱም። ጧፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ።

እሳቸው ቄስ ናቸው፣ አይችሉም። እኔ ፊዚክስ የወደቅሁ፣ ስድስት ሳምንት የዋሸሁ፣ የሰው በረት ያጥለቀለቅሁ ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል?

"ወዳጃችንን አይቸውን" አልኩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ።

አባባ አልዞሩም።

"ጮክ በይ እንጂ" አሉኝ። "ሩቅ ነው ያለው።"